ክሊኒኩ ስንት ኤሲ ይፈልጋል?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አንዲት ነርስ እህታችን ከወንድሟና ከአንድ ሐኪም ጋር ሆና እዚህ አዳማ መካከለኛ ክሊኒክ ልትከፍት ነው። የተከራዩት ሕንፃ ለሱቅና ለቢሮ ተብሎ የተሠራ ጂ ፕላስ 3 ነው። ሊፍት የለውም። ወደ መንገዱ የሚያየው የምዕራብ ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው፤ ከኋላ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ትንሽ ግቢ አለችው። ተራ መጠበቂያ ሊያደርጉት ያሰቡት የታችኛው ወለል የፊት ክፍል ከሰዓት በኋላ አያስቀምጥም ትላለች። «ስንት ኤሲ ያስፈልገናል? የቱ ክፍልስ የት ይሁን?»

እህቴ፣ ክፍሎቹን ሳትከፋፍሉ ስለጠየቅሽ በጣም ደስ ብሎኛል። አብዛኛው ሰው እኔ ጋ የሚመጣው ሴራሚኩ ተነጥፎ፣ አሉሚኒየሙ ቆሞ፣ ብሩም ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። አርክቴክት ነኝ፣ የምኖረው አዳማ ነው፣ ክሊኒክም ቢሮም ሠርቻለሁ። ሕክምናውን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ የማወራው ስለ ቤቱ ነው።

ቀጥተኛው መልስ፦ ለተራ መጠበቂያው ኤሲ አትግዙ። ለመድኃኒት መጋዘኑ አንድ፣ ለላብራቶሪው አንድ፣ የአልትራሳውንድ ክፍሉ መስኮት ከሌለው ለእሱም አንድ። ከዚያ በላይ ያሰባችሁትን ገንዘብ መስኮት ለመክፈትና መስታወቱን ከውጭ ለማጥላት አውሉት። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ኤሲ ከውጭ አየር አያስገባም። ብዙ ሰው ውጭ የተሰቀለውን ሳጥን ሲያይ ንጹሕ አየር የሚያስገባ ይመስለዋል፤ ሳጥኑ ግን ሙቀት ነው የሚያስወጣው። ውስጥ ያለው ማሽን የክፍሉን አየር ይስባል፣ ያቀዘቅዛል፣ ያንኑ መልሶ ይነፋል። ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ ደግሞ መስኮትና በር ይዘጋል። እንግዲህ ሰላሳ ሰው ተዘግቶበት በተቀመጠ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ሲያስል የወጣውን ሌሎቹ በየተራ ይተነፍሱታል ማለት ነው። ለሳሎን ቤት ይሄ ብዙ ላያሳስብ ይችላል። ለክሊኒክ ግን፣ ሳል ይዞት የመጣ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ስለሆነ፣ ትልቁ ጉዳይ ይሄ ነው። ኢትዮጵያ በዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝር ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ይሄን ለአንቺ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ግን ፕላን ስናወጣ ብዙዎቻችን እንረሳዋለን።

አንድ ጊዜ እዚሁ ከተማ የሆነ ክሊኒክ ባለቤቶች ጠሩኝ። ተራ መጠበቂያቸው ሁለት ኤሲ ነበረው፤ ቀዝቃዛ ነው ግን ይታፈናል አሉኝ። ማታ ሰው ከወጣ በኋላ ሄድኩ። ከሱቅ እንደ ክብሪት እንጨት የሚለኮሰውን እጣን ገዝቼ ነበርና አንዱን ለኩሼ ወንበር ላይ አቆምኩት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ወደ ኤሲው አፍ ታጠፈና ገባ። ከሥር ወጥቶ በክፍሉ ርዝመት ተንሳፍፎ እስከ ጥግ ያለው አግዳሚ ወንበር ድረስ ሄደ፤ እዚያ ወለሉን ስታጸዳ የነበረችው ልጅ ቀና ብላ «ምንድነው፣ ቡና ሊፈላ ነው?» አለች። ከዚያ ጭሱ ዞሮ ተመለሰ። ተመልሶም ገባ። በዓይናችን ቆመን አየነው። ቀጥሎ የጓሮውን በርና የፊቱን መስኮት ከፈትን፤ ጭሱ ወዲያው ተኛና እንደ ተሳበ ክር እየቀጠነ በመስኮቱ ወጣ። ባለቤቱ ከዚያ በኋላ ስለ ኤሲ አልጠየቀኝም፣ «ግድግዳውን የት ጋ ልብሳው?» ነው ያለኝ። አንቺም ይሄን ዛሬ ማታ መሞከር ትችያለሽ። ከእኔ ረጅም ጽሑፍ በላይ ይነግርሻል።

ነገሩ በሌላ አገርም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ጥር ወር፣ ቻይና ጓንጆ ከተማ፣ መስኮት በሌለው የምግብ ቤት ፎቅ ላይ ኤሲ እየሠራ ምሳ የበሉ 3 ቤተሰቦች ውስጥ 10 ሰዎች ኮቪድ ያዛቸው፤ ጠረጴዛዎቻቸው የኤሲው ንፋስ በሚዞርበት መስመር ላይ ነበሩ። ከዚያ በፊት ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቱጌላ ፌሪ በምትባል የገጠር ከተማ መድኃኒት ከሞላ ጎደል የማይበግረው ቲቢ የተገኘባቸው 53 ሕሙማን ነበሩ፣ 52ቱ ሞቱ። ብዙዎቹ ለሌላ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው የወጡ ስለነበሩ በሽታው የተላለፈባቸው እዚያው ሳይሆን አልቀረም ተባለ። ይሄ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ሲሆን የሆስፒታል ነዳፊዎችን ቀልብ ሳበ። ሩዋንዳ ቡታሮ ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው ሆስፒታል ለዚህ ነው ሕሙማን የሚጨናነቁበትን የውስጥ ኮሪደር ትቶ ኮሪደሩን በረንዳ አድርጎ ወደ ውጭ ያወጣው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን የሊማው ጥናት ነው። ፔሩ ውስጥ በ8 ሆስፒታሎች 70 ክፍሎች ተለኩ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ። በሰዓት ስንት ጊዜ የክፍሉ አየር በሙሉ እንደሚቀየር ነው የለኩት። በማሽን አየር የሚቀየርላቸው ክፍሎች 12 ጊዜ ነበር። መስኮታቸውና በራቸው የተከፈተ አዳዲስ ክፍሎች 17 ጊዜ። ከ50 ዓመት በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ትልልቅ የሆኑት ደግሞ 40 ጊዜ። አስቢው፣ ያ የድሮ ቤት አዲሱንም ማሽኑንም በለጠ። የድሮ የናዝሬት ቤቶችን አስታውሺ፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ከበሩ በላይ ትንሽ መስኮት ያለው፣ ፊት ለፊቱ በረንዳ ያለው። እነዚያን ቤቶች የሠሩት ሰዎች ሙቀቱንም ንፋሱንም ያውቁት ነበር። እኛ ነን አፍርሰን በመስታወት የሸፈንነው።

አሁን ወደ እናንተ ክፍል ልምጣ። 6 ሜትር በ8 ሜትር ነው ብለሻል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ ለተመላላሽ ታካሚ ክፍል ለአንድ ታካሚ በሰከንድ 60 ሊትር አዲስ አየር ይላል። አስታማሚዎቹን ጨምረሽ 30 ሰው ብትቆጥሪ (ማን እንደሚያስል ስለማይታወቅ እኔ ሁሉንም ነው የምቆጥረው) በሰከንድ 1,800 ሊትር ይሆናል። ይሄን በማሽን ለማግኘት ከባድ ወጪ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባዶ ነው። በንፋስ ግን ቀላል ነው። ያው መመሪያ ግምታዊ ስሌት ይሰጣል፦ 0.65 ሲባዛ የንፋሱ ፍጥነት ሲባዛ የትንሹ ክፍተት ስፋት። ፊትና ኋላ በየበኩሉ 3 ካሬ ሜትር የሚከፈት ነገር ካላችሁ፣ ንፋሱም በሰከንድ 1 ሜትር ብቻ ቢሆን፣ ማለትም ፊትሽን ዳሰስ አድርጎ የሚያልፍ ያህል፣ በሰከንድ 1,950 ሊትር ያልፋል። በቃ፣ ሞላ።

ንፋስ ደግሞ አዳማ ላይ ችግር አይደለም። ከተማዋ ዳር ኮረብታው ላይ የቆሙትን ተርባይኖች እያየን ነው የምንውለው፤ የመጀመሪያው 51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተተከለው ንፋሱ ስላለ ነው። በበጋ በአብዛኛው የሚመጣው ከምሥራቅ በኩል ነው። እንግዲህ የእናንተ ግቢ ምሥራቅ ላይ ናት። ትልቅ ዕድል ነው! ንፋሱ በጓሮ ገብቶ በፊት በኩል ይወጣላችኋል፤ የሚያስፈልገው መንገዱን አለመዝጋት ብቻ ነው። መሃል ላይ ግድግዳ ካቆማችሁ አለቀ።

«አቧራውስ?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ፣ የአዳማን የጥር አቧራ ማን ይረሳዋል። ግቢው አፈር ከሆነ መጀመሪያ አፈሩን ሸፍኑት፤ ሣርም ይሁን ጠጠርም ይሁን ኮብልስቶን፣ ብቻ ባዶ መሬት አይሁን። አጥሩን ተከትላችሁ ዛፍና ቁጥቋጦ ደርድሩ። ኒም እዚህ ያለ ችግር ይበቅላል። ቅጠል የመጀመሪያው ወንፊት ነው። በጓሮ በኩል ያለውን መስኮት ከፍ አድርጉት፣ ብናኙ በብዛት ያለው ከመሬት አጠገብ ነውና። የትንኝ ወንፊት ማድረጋችሁ አይቀርም፣ ማድረግም አለባችሁ፤ ግን ወንፊት የሚያልፈውን አየር ስለሚቀንስ ክፍተቱን ከስሌቱ እጥፍ አድርጉት።

ሌላ የማይነገር ነገር አለ። ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮት በተለምዶ ግማሹ ብቻ ነው የሚከፈተው። ሁለት ሜትር መስኮት ገጥመሽ አንድ ሜትር አየር ነው የምታገኚው። ከላይ ታስሮ ከሥር ትንሽ ገፋ የሚለው ዓይነት ደግሞ ከዚያም ያንሳል፤ ሙሉ መስታወት ያላቸው ሕንፃዎች ላይ የሚገጠመው ይሄኛው ነው፣ የእናንተም ሳይሆን አይቀርም። ባለ ማጠፊያ፣ ሙሉ በሙሉ የሚከፈት መስኮት እዘዙ። ባለሙያው «ተንሸራታች ይረክሳል» ይልሻል፤ የምትገዢው መስታወት ሳይሆን ክፍተት መሆኑን ንገሪው።

ወደ ሙቀቱ ልሂድ። አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ቀትር ላይ ፀሐይ ከሞላ ጎደል አናት ላይ ስለሆነች ጣሪያውን ነው የምታገኘው፣ ግድግዳው ላይ ብዙም አታርፍም። የሚያቃጥለው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በቀጥታ ወደ ምዕራቡ ፊታችሁ ትገባለች። ለዚህ ነው ከላይ የሚዘረጋ ጥላ፣ ያ ሰው ሁሉ የሚያስቀጥለው የቆርቆሮ ታዛ፣ ለእናንተ የማይበቃው፤ ፀሐይዋ ከሥሩ ታልፋለች። መጋረጃም አያድንም። መጋረጃው ጋ የደረሰ ሙቀት መስታወቱን አልፎ ገብቷል፣ ቤት ውስጥ ከገባ በኋላ ማን ያስወጣዋል? ጥላው ከመስታወቱ ውጭ መቆም አለበት። ከመስታወቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ለማጽዳት ሰው የሚያልፍበት ቦታ ተትቶ፣ የብረት ፍሬም ይቆምና ቁመቱን ተከትሎ እንጨት ወይም ቀርከሃ ይደረደርበታል። ወይም ቀዳዳ ያለው ብሎኬት ይገነባል። ከሩቅ ሲታይም ያምራል፤ ሕንፃው አዳማ የተሠራ መሆኑ ይታወቃል። ከመስታወቱ የላይኛውን ረድፍ ደግሞ አውጥታችሁ የሚከፈት አድርጉት፣ ሙቅ አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ንፋሱም መውጫ ያገኛል።

አሁን ዋናው ሐሳቤ። ተራ መጠበቂያውን ከፊቱ ክፍል አውጡትና ጓሮ አድርጉት። ግቢዋ ላይ ከሕንፃው ጋር የተያያዘ ሰፊ በረንዳ ይሠራ፣ ጣሪያ ያለው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ፣ በጠዋት ፀሐይ በኩል ብቻ የሚጠለል። ከሰዓት በኋላ ሕንፃው ራሱ ያጠላበታል። ሰው ውጭ ሲቀመጥ የአየር ስሌት የሚባል ነገር ራሱ ይቀራል። የፊቱ ክፍል መግቢያ፣ ካርድ ክፍልና የመጀመሪያ ምርመራ፣ የሙቀትና የደም ግፊት መለኪያ ብቻ ይሁን፤ ሰው አምስት ደቂቃ ቆሞ የሚያልፍበት። የሚያስል ሰው እዚያው ይለይና በበረንዳው በአንዱ ጫፍ፣ ንፋሱ ትንፋሹን ወደ ሌሎቹ በማይወስድበት በኩል ይቀመጥ።

ይሄን የምለው ለአየሩ ብቻ አይደለም። እኛ አገር ታካሚ ብቻውን አይመጣም። አንዲት እናት ስትታመም ልጇ፣ እህቷና ጎረቤቷ አብረው ይመጣሉ፤ አንዱ ካርድ ያወጣል፣ አንዱ ይደግፋታል፣ አንዱ ፌስታል ይዞ ይቆማል። ብዙ ፕላን ላይ አስታማሚ የሚባል ሰው የለም። ወንበሩ በታካሚ ቁጥር ይቆጠርና ኮሪደሩ በቆመ ሰው ይሞላል፣ ከዚያ ጥበቃው «ዞር በሉ» እያለ ሲጮህ ይውላል። ለአንድ ታካሚ ሁለት መቀመጫ አስቡ። ጀርባ ያለውና መደገፊያ ያለው ይሁን፣ ወገቧን ያመማት ሴት ካለ መደገፊያ መነሳት አትችልም። ውሃ መጠጫ ይኑር። ስልክ ቻርጅ ማድረጊያም ይኑር።

የመድኃኒት መጋዘኑን እዚያ የፊቱ መስታወት አጠገብ እንዳታደርጉት። ፋርማሲ ለመንገድ ቢታይ ለገበያ ጥሩ ነው የሚባለውን አውቃለሁ፤ መሸጫው መስኮት ከፊት ይሁን፣ ክምችቱ ግን ፀሐይ ወደማያየው ወደ ውስጠኛው ክፍል ይግባ። ኤሲው ይሄ ክፍል ላይ ነው የሚያዋጣው።

የፎቁ ጉዳይ። ሊፍት ከሌለ መርሁ አንድ ነው፦ ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው የሚፈልገው ሁሉ ምድር ላይ ይሁን። ድንገተኛ፣ እርጉዞች፣ መርፌና ቁስል ማጠቢያ፣ የላብራቶሪ ናሙና መስጫ። ሁሉም አይበቃም፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ምድር ላይ አንድ ባዶ የምርመራ ክፍል አስቀሩ፣ የማንም ሐኪም ያልሆነ። ፎቅ ያለው ሐኪም መውጣት የማይችል ታካሚ ሲመጣበት እሱ ይወርዳል። ሐኪሙ ሰላሳ ደረጃ ቢወርድ ምንም አይሆንም፤ አንዲት የሰባ ዓመት እናት በሁለት ልጆቿ ትከሻ ተንጠልጥላ ስትወጣ ግን አይቻለሁና ዳግመኛ ማየት አልፈልግም። አንደኛ ፎቅ በእግሩ ለሚሄድ ተመላላሽ ታካሚ፣ ከዚያ በላይ ቢሮ፣ የሠራተኛ ማረፊያና ዕቃ ቤት።

መግቢያው ላይ ስንት ደረጃ እንዳለ አልነገርሽኝም። አዳማ ክረምት ላይ ጎርፍ ስለምትቀበል ሱቆች ከመንገዱ ከፍ ብለው ነው የሚሠሩት። 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ለዊልቸር መወጣጫው ስንት መሆን እንዳለበት ታውቂያለሽ? ተዳፋቱ 1 ለ12 ነው፤ ስለዚህ 7 ሜትር ከ20። ከተማው ውስጥ የማየው ግን ሁለት ሜትር ላይ የተንጋደደ ሲሚንቶ ነው፣ ዊልቸሩን ገፍተሽ ብታወጪው ሲወርድ ሰውየውን አስፋልት ላይ ይጥለዋል። ቀጥታ ቦታ ከሌለ በጎን በኩል ታጥፎ ይሂድ፣ መታጠፊያው ላይ ሜትር ተኩል በሜትር ተኩል ሜዳ ይኑረው፣ በሁለቱም በኩል መያዣ ብረት ይኑረው። አካል ጉዳተኞች ሕዝብ ወደሚጠቀምበት ሕንፃ ያለ ችግር እንዲገቡ የሕንፃ አዋጁም ያዛል። የበር ስፋት ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ስትሬቸር በሚያልፍበት 120። ለስላሳውን የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ተዉት፣ ሻካራውን ውሰዱ፤ እርጥብ መወልወያ ካለፈበት በኋላ ክራንች የያዘ ሰው ምን እንደሚሆን አስቢ።

ስለ ድምፅ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ይሄ እኔን በግሌ ያሳመመኝ ነው። እናቴን ይዤ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። የምርመራ ክፍሉ በአሉሚኒየም የተከፈለ ነው፣ ግድግዳው ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ቆሟል፣ ከኮርኒሱ በላይ ግን ሁሉም ክፍል አንድ ባዶ ቦታ ነው። በጎን ያለችው ሴት ለሐኪሙ የምትናገረውን እያንዳንዱን ቃል ሰማን። ስለ ባሏ፣ ስለ ደረሰባት ነገር። ልጅ እግር ናት በድምፅዋ። እናቴ አንገቷን ደፍታ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ሳበች። ተራችን ደርሶ ሐኪሙ ሲጠይቃት ደግሞ እናቴ ያመማትን ግማሹን ብቻ ተናገረች። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። በግማሽ ታሪክ የተሰጠ ሕክምና ምን ዋጋ አለው? የእናንተ ግድግዳ እስከ ሶሌታው፣ ማለትም ከኮርኒሱ በላይ እስካለው ኮንክሪት ድረስ ይውጣ፤ ብሎኬት ቢሆን ይሻላል፣ ጂፕሰም ከሆነም መሃሉ ተሞልቶ እስከ ላይ ይድረስ። በሩም ወደ መጠበቂያው ፊት ለፊት አይከፈት። ካርድ ክፍሉም እንደዚያው፣ ሰው ሃያ ሰው ከኋላው ቆሞ «ምንህን ነው የሚያምህ?» በመስኮት መጠየቅ የለበትም፤ ወረፋው ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ይቁም፣ ወለሉ ላይ መስመር ይሰመር።

ከዚሁ ጋር፣ ሽንት ቤቱና ላብራቶሪው አንድ ግድግዳ ይጋሩ። ግድግዳው ላይ ትንሽ በር ያላት መስኮት ትሠራለች፣ ታካሚው ናሙናውን እዚያ አስቀምጦ ይወጣል። ኩባያ በእጁ ይዞ፣ በእጁ ሸፍኖ፣ በሰው መሃል የሚሄድ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ። አንዲት መስኮት ናት ይሄን የምታስቀረው። የሽንት ቤት በር ወደ ውጭ ይከፈት፣ ውስጥ የወደቀ ሰው በሩን እንዳይዘጋው።

ራጅ ካሰባችሁ ተጠንቀቁ። ብሎኬታችን መሃሉ ባዶ ነው፤ ጨረሩ በባዶው በኩል ያልፋል። ልስን አይከላከልም። የጨረራ ባለሙያ ሳያሰላ፣ እርሳስ ወይም ድፍን ኮንክሪት የት ምን ያህል እንደሚገባ ሳይወሰን፣ ማሽኑን አታስገቡ። ግድግዳው ጀርባ ማን እንደሚቀመጥም ተመልከቱ፤ አንድ ቦታ የካርድ ሠራተኛዋ ወንበር ከራጅ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ አግኝቻለሁ።

መዋቅሩን በተመለከተ አጭር ልሁን፦ ሕንፃውን የተሸከሙትን ኮለንና ቢም አትንኩ፣ ሮቶ ጣሪያ ላይ ከመጫናችሁ በፊት መሐንዲስ ይየው፣ 5,000 ሊትር ውሃ 5 ቶን ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፤ በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ እዚህም ተሰምቷል። የኦክስጅን ሲሊንደር በሰንሰለት ይታሰር፣ ረጅም መደርደሪያ ከግድግዳው ጋር ይታሰር።

ለጥቂት ሰዓት ተኝተው ግሉኮስ ለሚወስዱት ያሰባችሁት ክፍል ፎቅ ላይ መስኮት የሌለው መሃለኛው ክፍል ነው ብለሻል። አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1984 አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር፣ አሜሪካ ፔንሲልቫንያ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 46 ሕሙማን ላይ፤ ግማሾቹ በመስኮታቸው ዛፍ ያያሉ፣ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ የሚያዩት ቶሎ ወጡ፣ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ሮጀር ኡልሪክ የሚባል ተመራማሪ ነው የሠራው። ትንሽ ጥናት ነው፣ ግን እኔ ከታመምኩ የት መተኛት እንደምፈልግ አውቃለሁ። ምድር ላይ፣ ጓሮውን በሚያይ በኩል አድርጉት፤ አልጋው ወደ መስኮቱ ይዙር እንጂ ጀርባውን አይስጠው። ዛፉን አሁን ብትተክሉት ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ መስኮቱ ጋ ይደርሳል። መሃለኛውን ክፍል ለዕቃ ቤት አውሉት።

ቆሻሻ ማቃጠያውን ጓሮ አታድርጉት። ንፋሱ ከምሥራቅ ነው ብያለሁ፣ ጭሱን መልሳችሁ በታካሚው ላይ ትነፉታላችሁ። ከሚያስወግድላችሁ አካል ጋር ተዋዋሉ፤ እስኪወሰድ ድረስ የሚቆለፍ ክፍል ይኑረው፣ ለብቻው በር ያለው።

ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁን። ማንበብ ለማይችል ደግሞ ወለሉ ላይ ቀለም ቅቡ፣ ቢጫውን ተከትለሽ ላብራቶሪ፣ አረንጓዴውን ተከትለሽ ፋርማሲ።

ከሁሉ በፊት ግን ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ከአከራዩ ጋር ውላችሁ ላይ ግድግዳ መክፈት፣ መስታወት ማውጣትና በረንዳ መሥራት እንደምትችሉ በግልጽ ይጻፍ፤ በቃል የተባለ ነገር ኪራይ ሲጨምር ይረሳል። ሁለተኛ፣ ሕንፃው ለሱቅ ነው የተፈቀደው፣ የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ጤና ቢሮም ለመካከለኛ ክሊኒክ የራሱ መስፈርት አለው። መስፈርቱን ወስደሽ ፕላኑን በእርሳስ ሣይው፣ ከዚያ አንድ ብሎኬት ሳይነሳ አሳያቸው።

የሚቀረኝን መረጃ ላኪልኝ፦ መግቢያው ላይ ከመንገድ እስከ ወለል ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ፣ ግቢዋ ስንት በስንት እንደሆነች፣ በጓሮ በኩል አሁን ያለው መስኮት ሲከፈት ስንት እንደሚሰፋ። እጣኑንም ማታ ለኩሺውና ጭሱ ወዴት እንደሄደ በስልክሽ ቅረጪው። እሱን አይቼ በረንዳው ከየት እስከ የት እንደሚሆን እሥልልሻለሁ።